ከምስማሩ ላይ የቀረችው ቱቦ

ከቤቴ ግድግዳ ማዶ ብረት ሲቀጠቀጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ማንበብ አቃተኝና ባለ ጋራዡን ልጣላው ሄድኩ። ከደጁ ስደርስ ሰውየው በአንድ ግዙፍ የብረት ሣጥን ቀዳዳ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ፣ ጉንጩን ከብረቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ቀና ሳይል «በዚያ በኩል ዙርና እይልኝ፤ ጠብታ ትታይሃለች?» አለኝ።

ዞርኩ። የብየዳው መስመር ከውጭ በኖራ ተቀብቷል። ከነጩ መሀል የምስር ፍሬ የምታህል እርጥብ ነጥብ አለች።

«አንዲት አለች» አልኩት።

«ተመስገን። እዚህ ያልታየች ጠብታ የምትታየው በረሃ ላይ ነው።»

የመጣሁበትን ረስቼ፣ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። እንደዚያ ተዋወቅን።

ሥራው ሳልባትዮ መሥራት ነበር፤ ማለትም የመኪና ነዳጅ ማጠራቀሚያ። ፋብሪካው ለከተማ ሰው አስቦ የሠራው ሳልባትዮ ዘጠና ሊትር ይይዛል። ማደያ በሌለበት አገር ለሚሄዱ የበረሃ መኪኖች ያ አይበቃም። እሱ አሮጌውን አውርዶ፣ የመኪናውን ሆድ በገመድና በካርቶን ለክቶ፣ ከወፍራም ላሜራ መቶ ሰማንያ ሊትር የሚይዝ ይበይድላቸዋል። በያንዳንዱ መስመር ላይ ከውስጥ ላምባ፣ ከውጭ ኖራ ይቀባና ይጠብቃል። ላምባው ካለፈ ኖራው ይረጥባል። «ጠብታ ታየች?» ሲል ስለሚውል ሹፌሮቹ አባ ጠብታ አሉት። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንድ ሕግ ነበረው፤ ስለ እሱ የማወራው ሁሉ ከዚህ ሕግ ስለሚነሳ ቀስ ብዬ ልንገረው። በር መቃኑ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ምስማር አለ። ከሳልባትዮው ሆድ ውስጥ መግባት ያለበት ዕቃ ሁሉ፣ ተንሳፋፊዋ ኳስ፣ ማሰሪያዎቹ፣ የነዳጅ መምጠጫው ቱቦ፣ በሽቦ ታስሮ ከዚያ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ምስማሩ ባዶ ካልሆነ ክዳን አይዘጋም። ወረቀት አይጽፍም፣ በአእምሮውም አይተማመንም። «አእምሮ ይዋሻል፤ ምስማር አይዋሽም» ይል ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ስለ እውነት ምንነት ሳስተምር ኖሬ ይህን ያህል አጥርቼ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያሳደገው ታናሽ ወንድም ነበረው። ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ ታላቁ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሹ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባ ጠብታ ሳያገባ የቀረው በዚህ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን «ማን ይህን የላምባ ሽታ ያገባል?» ብሎ ያልፈዋል። ታናሹ አደገ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነ። በሃያ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ቀርቶ አያውቅም። ጎማው ቢፈነዳ፣ ባሌስትራው ቢሰበር፣ በሽቦም በጨርቅም አስሮ ይደርሳል። ስለዚህ ደራሽ አሉት። ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ወንበር ይለቅለት ነበር። ከዚህ ስም ሌላ ሀብት አልነበረውም፤ እሱም ሌላ አልፈለገም።

አንድ ዓመት የቆፋሪዎቹ ካምፕ ወደ ሩቅ ተዛወረ። ደርሶ መልሱ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ሲሆን በመካከሉ አንድም ማደያ የለም፤ ካምፑም ነዳጅ የሚያገኘው በወር አንዴ ስለሆነ ለማንም አይቸርም። ደራሽ መኪናውን እየነዳ ወንድሙ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ፣ ትልቁን ሥራልኝ።»

«ጀሪካኖችህስ?»

«ሰለቹኝ። ኋላ ተጭነው ሲንቧቹ እኔንም ናፍጣ ናፍጣ ሸተትኩ። ሚስቴ ትራስ ለየች።»

«ትራስ የለየችው ስለምታንኮራፋ ነው።»

«እሱማ ያንተ ውርስ ነው!»

አባ ጠብታ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆር አለ። «ስማ አንተ ልጅ። ሳልባትዮ ሲተልቅ መንገዱ አያጥርም። ሰውየው ነው ከቤቱ የሚርቀው።»

«ታዲያ አትሠራልኝም?»

«ላንተ ካልሠራሁ ለማን ልሠራ ነው?»

አራት ቀን ፈጀበት። እኔም አመሻሽ ላይ እየሄድኩ አይ ነበር። ከዚያ በፊት ለማንም እንደዚያ ሲሠራ አላየሁትም፤ ማዕዘኖቹን ሁለት ጊዜ በየዳቸው፣ ኖራውን ሦስት ጊዜ ቀባ። አዲሱ ሳልባትዮ ከአሮጌው ይልቅ ወደ ታች ጠለቅ ስለሚል የፋብሪካው መምጠጫ ቱቦ ወለሉ አይደርስም። ስለዚህ ከጣት ትንሽ የምትረዝም ቀጣይ ቱቦ ከነሐስ ቆርጦ አዘጋጀ። የነዳጁን መጠን ለሹፌሩ የሚያሳየውን የጌጁን ክንድ አረዘመና ከኳሱ ጋር ቀድሞ አስገባው። ቀጣይዋ ቱቦ ተራዋን እየጠበቀች ከምስማሩ ላይ ቀረች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደራሽ መኪናውን ሊወስድ መጣ። ሞቆታል፤ ኮቱን አወለቀና ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

ሌላ ሰው ቢሆን አባ ጠብታ ኮቱንም ባለቤቱንም አንድ ላይ ወርውሮ ደጅ ያወጣቸው ነበር። ለወንድሙ ግን ምንም አላለም። ሩቅ ሊሄድ ነው፤ በመሰናበቻው ቀን ስለ ምስማር አልቆጣውም ብሎ አሰበ። ስለ ልጅነታቸው እያወሩ ይስቁ ነበር፤ አንድ ፍየል አሳድዷቸው ጣሪያ ላይ የወጡበትን ቀን። ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ወደ ምስማሩ አየ። ኮት አየ። የወንድሙ ኮት ነው። ክዳኑን ዘጋ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ።

ከዚያ ውኃ ሞልቶ ለካው፤ መቶ ሰማንያ ሊትር ልክ። ፈተና ማለት ለሱ ይህ ነበር፤ የሚገባውን መለካት። የሚወጣውን ለመለካት አስቦ አያውቅም፤ ምስማሩ ነበረዋ። ውኃውን ደፍተው፣ አድርቀው፣ ከመኪናው ሆድ ሥር አሰሩት። ደራሽ ጀሪካኖቹን ከጥግ አስቀምጦ «በነዚህ ደግሞ አበባ ትከልባቸው፣ ጋሼ» አለ። ኮቱን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለ፣ ናፍጣ ሊሞላ ሄደ። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ምስማሩን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ወደ ካምፑ ተነሣ።

ረቡዕ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አባ ጠብታ ለሌላ መኪና የተዘጋጀ ዕቃ ሊሰቅል ወደ ምስማሩ ዞረ። ምስማሩ ባዶ አልነበረም።

ይህን የነገረኝ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። «ቱቦዋን ሳያት መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለችኝ» አለኝ። «ከዚያ የማን እንደሆነች ገባኝ።» ወዲያው ነው ያሰላው፤ ሂሳቡን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። ቱቦዋ ከሌለች ሞተሩ ከወለሉ አራት ጣት በላይ ያለውን ነዳጅ ብቻ ይጠጣል። ከታች አርባ ሊትር ይቀራል፤ ጌጁ ግን ትክክለኛውን ይናገራል፣ ሩብ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ይላል። ወንድሙ ሲሄድ ደህና ይደርሳል። ሲመለስ፣ ለመግባት መቶ ኪሎ ሜትር ከምናምን ሲቀረው፣ ከሥሩ አርባ ሊትር ናፍጣ ይዞ ይቆማል።

ጊዜ ነበረው። ካምፑ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ጠዋት በሁለት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት በሬዲዮ ይነጋገራል። ደራሽ ረቡዕን እዚያ አርፎ ሐሙስ ነው የሚነሣው። አንዲት ቃል ብትደርሰው ክዳኑን ፈትቶ በአንዲት ክንድ ጎማ ቱቦ ይጨርሰዋል።

ረቡዕ ቀትር ላይ የደራሽ ሚስት ለገበያ ስታልፍ ወደ ጋራዡ ጎራ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቤ ፈርቷል። ደህና ይመለሳል አይደል?»

«ሳልባትዮው የኔ ሥራ ነው» አላት። «አትሥጊ።»

ቱቦዋ ኪሱ ውስጥ ነበረች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። በረኛው ከሩቅ አይቶት «አባ ጠብታ! የማንን ሳልባትዮ ልትበሳ መጣህ ዛሬ?» ብሎ ቀለደ። ቀልድ ነው፤ በየሳምንቱ የሚሉት ነው። ያን ቀን ግን ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሬዲዮ ቤቱ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋውም፤ ሹፌሮች፣ መካኒኮች፣ ኃላፊው። የሚነገረውን ሁሉ ይሰማሉ። የሱ ሳልባትዮ አንዴ ከተዘጋ መከፈት አያሻውም ብለው ለዓመታት ያመኑበት ሰዎች ናቸው። ከዚያ አእምሮው፣ ያ ይዋሻል የሚለው አእምሮው፣ ሥራውን ጀመረ። ደራሽ ብልህ ነው። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ነዳጅ ይቆጥባል። ጠዋትም ሬዲዮ አለ።

«ምነው ቆምክ፣ አትገባም?» አለው በረኛው።

«ሌላ ቀን» አለና ተመለሰ።

ክፉ ሰው ሲበድል አይቼ አዝኜ አላውቅም፤ ከሱ የሚጠበቅ ነው። ያደከመኝ የደግ ሰው ግማሽ ቀን ነው። ሕሊና ሁልጊዜ ይናገራል ብለው ጽፈዋል፣ እኔም አስተምሬዋለሁ። ማንም ያልጻፈው ሕሊና ሲናገር እኛ ሰዓት የምናይ መሆናችንን ነው።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት አባ ጠብታ ሬዲዮው ሥር ነበር። ካምፑ መለሰ፤ ደራሽ ሙቀቱን ለማምለጥ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። «ምነው፣ ችግር አለ?» አሉት። «እንዲያው ናፍቆኝ ነው» አለ። ሳቁበት።

ዓርብ ማታ ደራሽ አልደረሰም። ቅዳሜ ማለዳ አንድ መካኒክ በመኪና ሊፈልገው ወጣ፤ አባ ጠብታም ሁለቱን ጀሪካኖች ሞልቶ ከመካኒኩ አጠገብ ተቀመጠ። የደራሽን መኪና ቀትር ላይ አገኙት፤ እሱ ግን የለም። ኮፈኑ ተከፍቷል። ከጥላው በኩል አንድ ኮት መሬት ላይ ተነጥፏል፤ በኮቱ ላይ የተፈቱ ዕቃዎች በተርታ ተደርድረዋል፣ ፊልትሮው፣ መግፊያ ፖምፓው፣ ቧንቧዎቹ፣ እያንዳንዱ ብሎን ከየእናቱ ጎን። ሁሉም ተጠርጓል፤ አሸዋ ሲነካው እንደገና ተጠርጓል። ደራሽ ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ እየፈታ መጥቶ ሳልባትዮው ጋ ሲደርስ አቁሟል። የክዳኑ ብሎኖች ቀለም እንኳ አልተጫረም።

መካኒኩ ቁልፉን አዞረ። የጌጁ ቀስት ተነሥታ ከሩብ ዝቅ ብላ ቆመች።

«ነዳጅማ አለው!» አለ። «ነዳጅ ያለውን መኪና ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሹፌር ነው?»

መካኒኩ ዕቃዎቹን ሲገጥም አባ ጠብታ ሁለቱን ጀሪካኖች ወደ ሳልባትዮው ገለበጠ። ነዳጁ ከቱቦው አፍ በላይ ከፍ አለ። አየሩን አስወጡና ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ። መካኒኩ እጁን እየጠረገ «አየህ፣ ምንም አልነበረውም» አለ። ይቺ ቃል ናት ወደ ከተማ የገባችው።

ደራሽን እሑድ መንገድ የሚደለድሉ ሠራተኞች አገኙት። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ እየተነሣ፣ ስትበረታ ከመንገዱ ርቆ ጥላ ሥር እየተኛ ስልሳ ኪሎ ሜትር ተጉዟል። በሕይወት አለ። ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ኩላሊቱ እንደማይድን ነገሩት። መሥሪያ ቤቱ ከመሪው አውርዶ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረገው፤ ጥፋቱም በደብዳቤ ተጻፈ፤ ነዳጅ ያለው ተሽከርካሪ ጥሎ መሄድ።

ሻይ ቤቱ የበኩሉን ጨመረ። «ደራሽ፣ ደረስክ?» ይሉት ጀመር በገባ ቁጥር። መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በኋላ መምጣት ተወ።

አባ ጠብታ በሦስተኛው ሳምንት ቱቦዋን ይዞ ወንድሙ ቤት ሄደ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣት። ደራሽ አንሥቶ ገለበጣት፣ በአንዱ አፏ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ሹፌር ነውና አንድም ጥያቄ አላስፈለገውም።

«ኮቴን ነው ያየኸው» አለ።

«ኮትህን ነው ያየሁት።»

ቱቦዋን መልሶ በወንድሙ መዳፍ ላይ አኖራት።

«ክዳኑን ለምን አልፈታኸውም?» አለ ታላቁ። «ያንን ሁሉ ስትፈታ።»

«አንተ የዘጋኸውን?»

አባ ጠብታ ያኔ ማልቀስ ፈልጎ እንባ እንዳጣ ነግሮኛል። ነገ ሻይ ቤት ገብቼ እናገራለሁ አለ። ደራሽ እጁን ያዘው። «ተው ጋሼ። ብትነግራቸውም ኩላሊቴ አይመለስም፣ መሪም አይሰጡኝም። አንተ ጋ የሚመጣ ሹፌር ግን ይጠፋል። ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ አይውጣ።»

ታዘዘ። ስለ ረቡዕም አልነገረው፤ ከበረኛው ዘንድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ስለ መመለሱ። ወንድሙ ያወቀውን ያህል ይቅር አለ፤ ያላወቀው ከታች ቀረ።

መታዘዝ የሚመች ትራስ ነው። ሰባት ዓመት ተኛበት፤ ተኛበት ማለት ከተቻለ። ብረት መቀጥቀጡን ሰማሁ እንጂ ያ «ጠብታ ታየች?» የሚለው ድምፅ እንደጠፋ ልብ ያልኩት ቆይቶ ነው። ይህን ያህል ዓመት በአንድ ግድግዳ ተጎራብተን አንድም ቀን ምን ነካህ ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔም በሻይ ቤቱ ቀልድ ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

ደራሽ ባለፈው ክረምት ሞተ። ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ሚስቱ ጋራዡ መጣች። እኔ በዚያ ሰዓት የውኃ ባልዲዬን ላስበይድ ሄጄ ነበር፤ ልወጣ ስል አባ ጠብታ «ተቀመጥ» አለኝ።

«ጋሼ» አለችው፣ ከአሮጌው ጎማ ላይ ሳትቀመጥ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞቶም ይስቁበታል። ትናንት ገበያ ላይ አንዱ፣ ይቺ የዚያ ነዳጅ ይዞ በእግሩ የሄደው ሚስት አይደለችም እንዴ ሲል ሰማሁት። እስኪ ንገረኝ፤ ለምን ጥሎት ሄደ?»

ነገራት። ኮቱን፣ ምስማሩን፣ ወንድሙ ተው ማለቱን። እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ እኔ እንደሚያቆም ገምቼ ነበር። ረቡዕንም ነገራት፣ ሬዲዮውን፣ የበረኛውን ቀልድ፣ መመለሱን።

ሴትየዋ ለብዙ ጊዜ እጁን አየች፤ ፊቱን አይደለም፣ እጁን።

«ረቡዕ ቀትር ላይ መጥቼ ነበር» አለች። «አትሥጊ አልከኝ።»

«አዎ።»

«ያኔ ኪስህ ውስጥ ነበረች?»

«ነበረች።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔስ ሰማሁ» አለች። «የሚስቁትስ?» ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልፋ አታውቅም፤ ለገበያ የምትሄደው በላይኛው መንገድ ዞራ ነው።

በማግስቱ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ሻይ ቤቱ ሲሞላ፣ አባ ጠብታ ገባ። ቱቦዋን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ንግግር አያውቅም፤ ብየዳ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረው፤ አሮጌው ቱቦ እስከዚህ ይደርሳል፣ አዲሱ ወለል እዚህ ነው፣ በመካከሉ አርባ ሊትር፤ ደራሽ ጥፋት የለበትም፤ ረቡዕ አውቄ ነበር፤ ሐሙስም ዝም አልኩ። ያ መካኒክም ነበረ። ብርጭቆውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሰደበውም። አንዱ ጥግ የነበረ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ፤ ሌሎቹም ዝናቡን ተቀበሉት። አባ ጠብታ ቱቦዋን አንሥቶ ወጣ። ሰድበውት ቢሆን ይሻለው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሹፌሮቹ ይቀራሉ ብሎ ነበር። አልቀሩም፤ ሌላ ሳልባትዮ ሠሪ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ሹፌር መኪናውን አመጣ። እኔም ነበርኩ። አባ ጠብታ ምስማሩን አየ፣ ባዶ ነው፤ ክዳኑን አነሣ፣ ሊዘጋ ጎንበስ አለ።

«ቆይ» አለ ሹፌሩ። «ከመዝጋትህ በፊት ልየው።»

እንደዚያ ያለው ሰው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አልነበረም። ድሮ ቢሆን መዶሻው ይበር ነበር። አባ ጠብታ ክዳኑን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ጎን ፈቀቅ አለለት።

«እይ» አለው።

ሹፌሩ ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። ቱቦውን በጣቱ ነካ፣ ወለሉን ነካ፣ እንደገና ቱቦውን ነካ። አልቸኮለም። ሽማግሌው ክዳኑን ይዞ ቆሞ ጠበቀው።